ለዩኩሌሌ ተማሪ ሁለተኛው ቪዲዮ ይበልጣል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሙዚቃ ከመምህር ፊት ተቀምጠው ካልሆነ በስልክና በኮምፒውተር አይለመድም የሚል አስተያየት ደጋግሞ ይሰማል። ዩኩሌሌን በሚመለከት ይህ ትክክል አይደለም። ትንሽ ጊታር የሚመስል፣ አራት ክር ብቻ ያለው፣ ክሩ ለስላሳ የሆነ፣ ድምፁም ጎረቤት የማይረብሽ መሣሪያ ስለሆነ ከብዙዎቹ መሣሪያዎች ይልቅ ለኦንላይን ትምህርት ይመቻል። ይሁን እንጂ ወራት ሙሉ ቪዲዮ ሲያዩ የቆዩ፣ ቻሌንጅ (ለተወሰኑ ቀናት ቪዲዮ እየተላከ የሚሠራ የጋራ ልምምድ) በተከፈተ ቁጥር የተመዘገቡ፣ ግን ከአራት ኮርድ (አብረው ከሚመቱ ድምፆች ስብስብ) ማለፍ ያቃታቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ይህ በስንፍና ወይም በተሰጥኦ ማነስ ሲተረጎም መስማት ያሳዝናል። አብዛኛው የኦንላይን ትምህርት የተዘጋጀው ተማሪው አንድ ጊዜ ተጫውቶ እንዲልክ ነው፤ ታርሞ ያንኑ ልምምድ ድጋሚ እንዲልክ አይጠይቅም። እጅ የሚለወጠው ግን በዚህ በሁለተኛው ቪዲዮ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለተማሪዎችም ለአስተማሪዎችም ይህን በዝርዝር ለማሳየት ነው።

ለጀማሪ በብዛት የሚሰጠው የኮርድ ተራ ሲ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ እና ጂ ሰባት ነው። ክሮቹን ከፊታችን ከሚቀርበው ጀምረን ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ብለን ስንቆጥር፣ ሲ ኮርድ 0003፣ ኤ ማይነር 2000፣ ኤፍ 2010፣ ጂ ሰባት 0212 ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ የሚጫነውን ፍሬት (በአንገቱ ላይ በብረት መስመሮች የተከፈለውን ቦታ) ይነግረናል፤ ዜሮ ደግሞ ክሩ ሳይጫን ይመታል ማለት ነው። ማንኛውም ቪዲዮ እነዚህን አራት ቅርጾች በአሥር ደቂቃ ያስተምራል። ተማሪው የሚወድቀው ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። ከኤ ማይነር ወደ ኤፍ ሲኬድ በጂ ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ያለው መሃል ጣት ከቦታው አይነሳም፤ ጠቋሚ ጣት ብቻ በኢ ክር አንደኛ ፍሬት ላይ ይጨመራል። ከኤፍ ወደ ጂ ሰባት ሲኬድ ያ ጠቋሚ ጣት እዚያው ይቆያል፤ መሃል ጣት ወደ ሲ ክር ሁለተኛ ፍሬት ይወርዳል፣ የቀለበት ጣት በኤ ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ያርፋል። ከጂ ሰባት ወደ ሲ ሲመለሱ የቀለበት ጣት ክሩን ሳይለቅ አንድ ፍሬት ተንሸራቶ ሦስተኛው ላይ ይቆማል። እጅ ሙሉ በሙሉ የሚለቀው ከሲ ወደ ኤ ማይነር ሲሻገር ብቻ ነው።

ብቻውን የሚለማመድ ተማሪ የሚያደርገው ሌላ ነው። በየቅያሪው ሦስቱንም ጣቶች ከክሩ አንስቶ አየር ላይ ይዘረጋቸዋል፣ አንገቱን አጎንብሶ ያያል፣ ከዚያ ቅርጹን ከዜሮ ይሠራል። እያንዳንዱ ኮርድ ጥርት ብሎ ስለሚወጣ ትክክል የተጫወተ ይመስለዋል። በመካከል የጠፋችውን ግማሽ ምት ጆሮው አይዛትም፤ ሐሳቡ ጣቶቹ ላይ ነውና። መምህር ግን ቪዲዮውን በከፈተ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ያያታል። ግብረ መልስ ያስፈለገው ለዚህ ነው። የተቀዳ ትምህርት የቱንም ያህል ግሩም ቢሆን ተማሪውን አያየውም።

ጣት ከመታረሙ በፊት መሣሪያው መታየት አለበት። የተማሪ ጥፋት ተደርጎ የሚታየው የተበላሸ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከመቃኘት ወይም ከመሣሪያው አሠራር ይመጣል። ሶፕራኖ፣ ኮንሰርትና ቴነር የተባሉት መጠኖች በተለመደው ቅኝት ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ናቸው፤ ኤ ክር 440 ኸርዝ ነው። የጂ ክር ከሲ ክር በላይ የሚጮህ ከፍተኛ ጂ ነው እንጂ እንደ ጊታር ከወፍራም ወደ ቀጭን በተራ አይወርድም። ይህን የማያውቅ ጀማሪ የጂን ክር አንድ ኦክታቭ (ስሙ ያው ወደሆነው የታችኛው ድምፅ) ዝቅ አድርጎ ይቃኘዋል፤ መተግበሪያውም «ጂ» ብሎ አረንጓዴ ያበራለታል። ክሩ ግን ላልቶ ፍሬቱን እየነካ ይንዘረዘራል። ሌላው ስህተት መቃኛ መተግበሪያው በጊታር ምርጫ ላይ ሲቀር ነው፤ የጊታር ዝርዝር ውስጥ ሲ የሚባል ክር ስለሌለ ተማሪው ሲውን ወደ ቢ ወይም ወደ ዲ ይወስደዋል። ምርጫውን ዩኩሌሌ ላይ ወይም ክሮማቲክ (ሁሉንም ድምፅ የሚለይ) ላይ ማድረግ ይገባል። ሲቃኙም ሁልጊዜ ከዝቅተኛው ድምፅ ወደ ከፍተኛው እያጠበቁ ነው፤ ካለፈ ትንሽ አላልተው እንደገና ያጥብቁ። ከላይ ወደ ታች የተቃኘ ክር በመቃኛ ቁልፉ ጥርስ ላይ ክፍተት ስለሚተው ከጥቂት ግርፍ (ክሮቹን በእጅ ከመምታት) በኋላ ይወርዳል። አዲስ ክር ደግሞ ለበርካታ ቀናት እየተለጠጠ ይወርዳል፤ በነዚያ ቀናት በየአምስት ደቂቃው መቃኘት ግድ ነው፣ መሣሪያው ተበላሸ ማለት አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ግን ነት ነው። ነት የምትባለው ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ ላይ የሚያልፉባት ቦይ ያላት ቁራጭ ናት። ርካሽ በሆኑ መሣሪያዎች ላይ ቦዮቹ ሳይጠልቁ ይቀራሉ። ያን ጊዜ በአንደኛው ፍሬት ላይ ክሩን ለመጫን ብዙ ስለሚወርድ ይወጠርና ድምፁ ከሚገባው በላይ ከፍ ይላል። ኤፍ ኮርድ ላይ ጠቋሚ ጣት የሚያርፈው በዚሁ አንደኛ ፍሬት ነው። ስለዚህ ባዶ ክሮቹ በትክክል ተቃኝተው ሳለ ኤፍ ብቻ የተጣመመ ድምፅ ይሰጣል፤ ተማሪው ጣቱን ይወቅሳል፣ የባሰ አጥብቆ ይጫናል፣ አጥብቆ ሲጫን ደግሞ የበለጠ ከፍ ይላል። ማጣሪያው ቀላል ነው። የኢን ክር በሁለተኛውና በሦስተኛው ፍሬት መካከል ተጭነው ከአንደኛው ፍሬት በላይ ያለውን ክፍተት ይመልከቱ፤ ከወረቀት ውፍረት ብዙም መብለጥ የለበትም። ወይም አንደኛውን ፍሬት በለስላሳው ተጭነው በመቃኛው ይለኩ፤ ከ10 ሴንት (ሴንት የግማሽ ቶን መቶኛ ነው) በላይ ከፍ ካለ ጥፋቱ የነቱ ነው። ቦዩን በቢላ ለማጥለቅ መሞከር አያስፈልግም፤ ከልኩ ትንሽ ካለፈ ባዶው ክር መንዘርዘር ይጀምራልና ነቱ ይቀየራል። በልኩ ሞረድ ለሚሠራ ባለሙያ የአጭር ጊዜ ሥራ ነው። መምህሩ የመጀመሪያውን ቪዲዮ ሲቀበል ከሙዚቃው በፊት አራቱን ባዶ ክሮችና አራቱን አንደኛ ፍሬቶች አንድ በአንድ እንዲመቱለት ቢጠይቅ፣ የብዙ ሳምንት ድካም በ20 ሰከንድ ይድናል።

ቡድን ውስጥ ሲገባ ደግሞ የቅኝት ልዩነት ራሱን የቻለ ችግር ነው። ባሪቶን ዩኩሌሌ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ነው፤ የጊታር አራቱ ቀጫጭን ክሮች ማለት ነው። በእሱ ላይ የሲን ቅርጽ የያዘ ሰው የሚያሰማው ጂ ኮርድ ነው። አንዳንድ የድሮ የዩኩሌሌ መጻሕፍትና የካናዳ ትምህርቶች ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ቢ በተባለው ቅኝት የተዘጋጁ ናቸው፤ ቅርጾቹ ያው ሆነው ድምፁ አንድ ሙሉ ቶን ከፍ ይላል። በጂ ቦታ ለዝቅተኛ ጂ የተሠራ ክር ያሰረ ተማሪ ደግሞ ለከፍተኛ ጂ የተጻፈ የጣት ድርደራ ሲጫወት ዜማው ባልጠበቀው ቦታ ላይ ወደ ታች ይዘልበታል። ቻሌንጅ የሚያዘጋጅ ሰው በማስታወቂያው የመጀመሪያ መስመር ላይ ቅኝቱን ቢጽፍ ይህ ሁሉ አይመጣም። ብዙዎቹ ግን አይጽፉም።

ወደ ግራፊው እጅ እንምጣ። ጀማሪዎች በጣም የሚወዱት ግርፍ ወደታች፣ ወደታች-ወደላይ፣ ወደላይ-ወደታች-ወደላይ የሚለው ነው። በአራት ምት ውስጥ ሲቀመጥ በአንደኛው ምት ላይ ወደታች፣ በሁለተኛው ላይ ወደታችና በግማሹ ወደላይ፣ በሦስተኛው ላይ ምንም፣ በሦስተኛው ግማሽ ወደላይ፣ በአራተኛው ወደታችና በግማሹ ወደላይ ነው። ምስጢሩ ያለው ድምፅ በሌለው ሦስተኛ ምት ላይ ነው። እጁ ክሩን ሳይነካ ወደታች መውረድ አለበት። ተማሪው ግን እዚያ ላይ እጁን ያቆማል፤ የቆመ እጅ ወደላይ የሚመታውን ግርፍ ከየት እንደሚነሳ አያውቅምና ይቸኩላል ወይም ይዘገያል። እንዲህ ያለውን ጥፋት በድምፅ ብቻ መለየት ይከብዳል፤ በቪዲዮ ግን ሦስት ላይ የሚደርቀው የእጅ አንጓ ፍንትው ብሎ ይታያል። መድኃኒቱ ክሮቹን በግራ እጅ መዳፍ አፍኖ ቀኝ እጁን ያለማቋረጥ ወደታች ወደላይ ማወዛወዝና ጮክ ብሎ «አንድ-እና-ሁለት-እና» እያሉ መቁጠር ነው። የሚመታበት ቦታም ይታይ፤ በሶፕራኖ ላይ አንገቱ ከሆዱ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ነው ክሩ ልስልስ የሚለው። ብሪጁ (ክሮቹ በሆዱ ላይ የሚታሰሩበት ቁራጭ) አጠገብ የተመታ ክር ይደርቃል።

ለፍጥነት ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ ወይም መተግበሪያ) በደቂቃ በ60 ምት ይጀመር። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ያለ እንከን ሲወጣ 5 ይጨመር፤ ሁለት ጊዜ ከተሰበረ 10 ይቀነስ። ኮርድ መቀያየርን ለመለካት ደግሞ ሁለት ኮርድ ብቻ መርጦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ንጹሕ ቅያሪ እንደወጣ መቁጠር ነው። 30 ከደረሰ በ60 ፍጥነት በየሁለት ምቱ መቀየር ቻለ ማለት ነው። በ80 ፍጥነት በየአራት ምቱ ኮርድ የሚቀይር ዘፈን በደቂቃ 20 ቅያሪ ብቻ ስለሚፈልግ፣ 30 የደረሰ ተማሪ እየዘፈነ ለመጫወት ትርፍ አለው። የታፈነ ወይም የተንዘረዘረ ኮርድ አይቆጠር። ቻሌንጅ ላይ ትልቅ ቁጥር ለመጻፍ ሲባል የተቆጠረ ቅያሪ መምህሩን ያሳስታል፤ ተማሪው ያልደረሰበት ትምህርት ይሰጠዋል።

ስለ ቀረጻው በዝርዝር መናገር አስፈላጊ ነው፤ ግብረ መልስ ጥሩ የሚሆነው የተላከው ነገር የሚታይ ሲሆን ነው። ስልኩ ወደ ጎን ተኝቶ፣ በደረት ከፍታ፣ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይቀመጥ። ሁለቱም እጆች ከአንጓ ጀምሮ ይታዩ፤ ፊት ባይታይ ግድ የለም። ብርሃኑ ከተማሪው ፊት እንጂ ከጀርባው አይምጣ። የፊት ካሜራ በአንዳንድ ስልኮች ምስሉን እንደ መስታወት ስለሚገለብጠው ቀኝ እጅ ግራ ይመስላል፤ ይህን ማስተካከያውን ማጥፋት ወይም በኋላ ካሜራ መቅዳት ይሻላል። በግራ እጃቸው የሚገርፉ ተማሪዎች ይህን ከመጀመሪያው ለመምህሩ ይንገሩት፤ አለዚያ መምህሩ የተገለበጠ ቪዲዮ መስሎት ያልፈዋል። ሜትሮኖሙ በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን በሌላ መሣሪያ በዝቅታ ይሰማ፤ መምህሩ ምቱን ካልሰማ መዘግየቱን ሊለካ አይችልም። በመልእክት መተግበሪያ ሲላክ ቪዲዮው እንዳይጨመቅ እንደ ፋይል ይላክ። ርዝመቱ ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። ተማሪው ሲጀምር የልምምዱን ስምና ፍጥነቱን ይናገር፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ። «እንዴት ነው?» ጥያቄ አይደለም። «ከኤፍ ወደ ጂ ሰባት ስሄድ ለምን እዘገያለሁ?» ጥያቄ ነው።

ደግሞም ሃያ ጊዜ ተቀድቶ ከሃያው የተመረጠውን መላክ ተማሪውን ይጎዳል። የተመረጠው ቪዲዮ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ የሚሠራውን ስህተት ይደብቃል። ቢበዛ ሦስት ጊዜ ይቀዳ፣ ሦስተኛው ይላክ። የተሰበረበት ቦታ ሳይቆረጥ ይኑር፤ መምህር የሚፈልገው እሱን ነው።

አሁን ወደ አስተማሪዎች ልዙር። «በጣም ቆንጆ፣ በርቺ» የሚል መልስ ደስ ያሰኛል፣ ግን በማግስቱ ምን እንደምትሠራ አይነግራትም። ስድስት ስህተት የሚዘረዝር መልስም ቢሆን ያው ነው፤ ከየቱ እንደምትጀምር አታውቅም። ውሃ የሚያነሳ ግብረ መልስ ይህን ይመስላል፦ «18ኛው ሰከንድ ላይ ከኤፍ ወደ ጂ ሰባት ስትሄጂ ጠቋሚ ጣትሽ ከኢ ክር ይነሳል። እዚያው ተይው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ብቻ ይንቀሳቀሱ። በ50 ፍጥነት ሁለቱን ኮርዶች ብቻ በቀን አምስት ደቂቃ፣ ለሦስት ቀን። ከዚያ 30 ሰከንድ ቀድተሽ ላኪልኝ።» ሰከንዱ ተጠቅሷል፣ ጥፋቱ አንድ ነው፣ ምን እንደሚደረግ፣ በምን ፍጥነት፣ ለስንት ቀን እንደሆነና መቼ እንደሚታይ ታውቋል። ግርፉም ይዘገይ ይሆናል፣ የአውራ ጣቷ አቀማመጥም ይከብድ ይሆናል። መምህሩ አይቶታል፤ ግን አላነሳውም። መጀመሪያ ሌሎቹን ስህተቶች የሚወልደውን መርጧል። ጠቋሚ ጣቷ ክሩ ላይ ሲቀር እጇ ይረጋል፣ እጇ ሲረጋ ዓይኗን ከፍሬቱ ታነሳለች፣ ግርፉ በራሱ ግማሽ ይስተካከላል። ይህን ቅደም ተከተል መምረጥ የመምህርነት ዋናው ሥራ ነው፤ ለተማሪው የማይታየውም ይኸው ሥራ ነው።

የመልሱ ጊዜም ወሳኝ ነው። በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ የደረሰ እርማት ገና ትኩስ የሆነ ልማድ ላይ ያርፋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከደረሰ ተማሪዋ ስህተቱን በየቀኑ እየደጋገመች ሥር አስይዛዋለች፤ አሁን መማር ብቻ ሳይሆን መርሳትም ይጠበቅባታል።

እዚህ ላይ ሒሳቡን መሥራት ያስፈልጋል። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮን ሁለት ጊዜ አይቶ፣ አስቦ፣ መልሱን በድምፅ ወይም በጽሑፍ ለመላክ ጥንቁቅ መምህር ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። 30 ተማሪዎች በሳምንት አንድ አንድ ቪዲዮ ቢልኩ 150 ደቂቃ ነው፤ ሁለተኛው ቪዲዮ ሲጨመር አምስት ሰዓት ይሆናል። ይህን አንድ ሰው ይችለዋል። 200 ሰው የተመዘገበበት፣ በየቀኑ ቪዲዮ የሚላክበት የ30 ቀን ቻሌንጅ ግን በቀን 1,000 ደቂቃ፣ ማለትም ወደ 17 ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። አንድ መምህር «ለእያንዳንዱ በየቀኑ ግብረ መልስ እሰጣለሁ» ካለ ወይ አይሰጥም፣ ወይ የሚሰጠው ልብ የተሳለበት ምልክት ብቻ ነው። ይህን የምለው ማንንም ለመንቀፍ ሳይሆን ተመዝጋቢው ቁጥሩን ራሱ እንዲያሰላ ነው።

ቻሌንጅን በጅምላ አልቃወምም። በቡድን መማር ለብቻ ከመማር የተሻለ ጉልበት እንዳለው በተለይ በዩኩሌሌ የታወቀ ነው። በካናዳ ሃሊፋክስ ከተማ ጄ. ቻልመርስ ዶን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በትምህርት ቤቶች ዩኩሌሌን የሙዚቃ ንባብ፣ የመዝሙርና የአብሮ መጫወት ማስተማሪያ አድርጎ ትልቅ ሥርዓት ገንብቷል፤ ልጆቹ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ነበር የሚማሩት። በኦንላይን ይህን ኃይል ለማግኘት የቻሌንጁ አሠራር መለወጥ አለበት። በየቀኑ አዲስ ዘፈን የሚሰጥ ቻሌንጅ ተማሪውን ያሯሩጠዋል እንጂ አያሳድገውም፤ የሰኞ እርማት ሳይሠራበት የማክሰኞው ዘፈን ይመጣል። አንድ ቀን የዘለለ ተማሪ ተራው ተቋረጠ ብሎ ከእነአካቴው ይተወዋል። ከዚህ ይልቅ የ14 ቀን ቻሌንጅ በአንድ አጭር ዘፈን ላይ ቢሠራ መልካም ነው። ሁሉም በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያውን ቪዲዮ ይልካሉ፣ እስከ ስድስተኛው ቀን መልስ ያገኛሉ፣ በአሥረኛው ቀን ያንኑ ዘፈን ድጋሚ ይልካሉ። የቀሩት ቀናት ለመጨረሻው የጋራ ቀረጻ ይሆናሉ። ቀን ያመለጠው ሰው የሚያጣው ነገር የለም፤ የሚጠበቀው በሁለት ቀን ብቻ ነውና።

ተማሪዎች እርስ በርስ የሚሰጡት አስተያየትም ቦታ አለው፣ በደንብ ከተገደበ። ጀማሪ የሌላውን ጀማሪ የጣት አቀማመጥ ለማረም አይችልም፤ ግን ምቱ እንደተቋረጠ መስማት ይችላል፣ የትኛው ክር እንደታፈነ ማድመጥ ይችላል። ሦስት ሦስት ሰው የሆኑ ትናንሽ ቡድኖች ተሠርተው እያንዳንዱ የሌላውን ቪዲዮ ሰምቶ «ምቱ የተሰበረው ስንተኛው ሰከንድ ላይ ነው?» ለሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልስ። ለመምህሩ የግማሽ ሥራ ይቀልለታል። መላሹም ቢሆን የራሱን ስብራት መስማት የሚጀምረው የሰውን ሲሰማ ነው። ዕድሜና ደረጃ የሚያነጻጽር ሰንጠረዥ፣ የፍጥነት ውድድር፣ የተከታታይ ቀን ቆጠራ ግን ቢቀር ይሻላል። ፍጥነት ሲወዳደሩ ሁሉም ሜትሮኖሙን ከፍ ያደርጋሉ፣ ጣቶች ይጨበጣሉ፣ ትከሻ ይወጠራል፣ የእጅ አንጓም መታመም ይጀምራል። ሕመም ሲመጣ ልምምድ ወዲያው ይቆማል፤ ተቋቁሞ መቀጠል አይገባም።

ስለ ቀጥታ የቪዲዮ ክፍል አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በቪዲዮ ጥሪ ሁሉም ማይክ ከፍተው አብሮ መጫወት አይሆንም። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚሄድ አሥር ሜትር የተራራቁ ሁለት ሰዎች የሚሰማሙት በ29 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ነው፤ ሙዚቀኛ ሳይቸገር የሚችለው እዚያ አካባቢ ድረስ ነው። የቪዲዮ ጥሪ መዘግየት ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ነው፤ ደርሶ መልሱ ሲደመር በ120 ፍጥነት ወደ ግማሽ ምት ይጠጋል። እያንዳንዱ ሌላውን እየጠበቀ ዘፈኑ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ስለዚህ የመምህሩ ማይክ ብቻ ይከፈት፣ ሌሎቹ ዘግተው ከእሱ ጋር ይጫወቱ። አንድ ተማሪ ለብቻው ሲጫወት ደግሞ የጥሪው ፕሮግራም የዩኩሌሌውን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያፍነዋል፤ የመጀመሪያው ግርፍ ተሰምቶ የቀረው ይሰወራል። ዙም ላይ «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚለውን ማብራት ይህን ያስወግዳል። ሌሎች ፕሮግራሞችም ድምፅ ማጣሪያውን የማጥፊያ ምርጫ ካላቸው ማጥፋት ነው።

የጋራ ቀረጻው የሚሠራው እያንዳንዱ ለብቻው ቀድቶ በመጨረሻ ሲገጣጠም ነው። እዚህ ላይ የሜትሮኖሙ ሕግ ይገለበጣል፤ ምቱ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ይሰማ፣ ወደ ቀረጻው አይግባ። ማዳመጫው ባለገመድ ይሁን። ብሉቱዝ ማዳመጫ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሊያዘገይ ስለሚችል ተማሪው ራሱ ትክክል የተጫወተ ሲመስለው በመገጣጠሚያው ላይ ከሁሉም ወደ ኋላ ይቀራል። ከመጀመሪያው ግርፍ በፊት አራት ምት ተቆጥሮ አንድ ጊዜ ይጨብጨብ፤ የሚገጣጥመው ሰው ሁሉንም በዚያች ጭብጨባ ላይ ያሰልፋቸዋል። ሁሉም በዚያው ቀን በመቃኛ፣ በ440 ይቃኙ። በ12 ሰው ቀረጻ ውስጥ አንድ ያልተቃኘ ዩኩሌሌ ካለ ሁሉም ያልተቃኙ ይመስላሉ።

ለመመዝገብ ያሰበ ሰው ከመክፈሉ በፊት አዘጋጁን አራት ነገር ይጠይቅ። ቪዲዮዬን የሚያየው ማን ነው፣ መምህሩ ራሱ ወይስ ረዳት? መልሱ በስንት ቀን ይደርሰኛል? በአንድ ዙር ስንት ተማሪ ትቀበላላችሁ? ከታረምኩ በኋላ ያንኑ ልምምድ ድጋሚ ብልክ ታዩልኛላችሁ? ለሦስቱ ጥሩ መልስ ተገኝቶ ለአራተኛው «አይ፣ ወደሚቀጥለው ትምህርት ታልፋላችሁ» ከተባለ፣ ያ የቪዲዮ መደብር እንጂ ትምህርት ስላልሆነ ለቪዲዮ የሚገባውን ዋጋ ብቻ ይክፈሉ። አራተኛውን አዎ የሚል መምህር ካገኙ ግን የቪዲዮዎቹ ጥራት ደከም ቢልም እሱ ዘንድ ይመዝገቡ።

ከአክብሮት ጋር
የዩኩሌሌ አስተማሪ